ያገለገለ የእንጨት ቶርኖ ሲገዛ፦ ሞተሩ መጨረሻ ይታያል

የእንጨት ቶርኖ፣ ማለትም በመሮ እንዲቀረጽ እንጨት የሚያሽከረክር ማሽን፣ የሚሸጥ ሰው የሚጀምረው ሁልጊዜ ከሞተሩ ነው። «ኦርጅናል ሞተር ነው፣ ስሙት እስቲ» ይልና ማብሪያውን ይጫናል። ማሽኑ ሽው ይላል፣ ገዢው ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የዋጋ ክርክር ብቻ ይሆናል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሞተር ከተቃጠለ ይጠቀለላል፤ አልሆነም ከተባለ ሌላ ይገዛል። ኩሽኔታውም (ዘንግ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት)፣ ቺንጋውም (የሞተሩን ዙር የሚያስተላልፈው ቀበቶ)፣ ማብሪያውም እንደዚያው። ከሶማሌ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ ቀኑን ሙሉ ዞራችሁ የማታገኙት ለጠመመ አልጋ (ሌላው ሁሉ የሚቀመጥበት ረጅሙ የማሽኑ አካል)፣ ለተበላ ስፒንድል (እንጨቱን የሚያዞረው ዘንግ)፣ ለማይገጥሙ ሴንተሮች (እንጨቱን ከሁለት ጫፉ የሚይዙት ሹሎች) መድኃኒት ነው። ስለዚህ ጊዜያችሁን እነዚህ ሦስቱ ላይ አጥፉ፤ ሞተሩ የትም አይሄድም።

መሀል አዲስ አበባ ለሽያጭ የሚወጣው ባብዛኛው ከሦስት ዓይነት አንዱ ነው። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የቻይና ማሽን ነው፤ በሁለቱ ሴንተሮች መሀል ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይይዛል። ሁለተኛው የቆየ የጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ ማሽን ነው፤ ቦታ ከለቀቀ የእንጨት ሥራ ቤት ወይም ከትምህርት ቤት ጨረታ የወጣ፣ አራት ሰው አቃስቶ የሚያነሳው። ሦስተኛው እዚሁ ብየዳ ቤት ከዩ ብረት የተሠራው ነው። ይህ የመጨረሻው ሌላ ዓይን ስለሚፈልግ ዝቅ ብዬ ለብቻው እመለስበታለሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ምን ልትሠሩበት እንደሆነ ወስኑ። የደረጃ መደገፊያ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ መቋሚያ ከአንድ ሜትር ያልፋል፣ ሙቀጫ ደግሞ አጭር ግን ወፍራምና ከባድ ነው። ሻጭ «አንድ ሜትር ከሃያ ነው» ሲል የሚነግራችሁ የአልጋውን ርዝመት ነው። ሄድስቶኩ (ስፒንድሉን የያዘው ራስ) እና ቴልስቶኩ (በሌላው ጫፍ ሁለተኛውን ሴንተር ይዞ አልጋው ላይ የሚንሸራተተው) በላዩ ላይ ሲቀመጡ በሴንተሮቹ መሀል የሚተርፈው 75 ወይም 80 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። ሴንተሮቹን አስገብታችሁ፣ ቴልስቶኩን እስከ ጫፍ ገፍታችሁ፣ ከሹል እስከ ሹል ራሳችሁ ለኩ። ስፋቱም እንዲሁ ነው፦ ከስፒንድሉ መሀል እስከ አልጋው ያለውን ለክታችሁ በሁለት ስታባዙ የሚያሽከረክረው ትልቁ ክብ ይወጣል። ረጅም እንጨት ላይ ግን የመሮ መደገፊያው መሠረት ሥራው ሥር ማለፍ ስላለበት ከዚያ ላይ ብዙ ሳንቲ ሜትር ይቀነሳል።

የሚያዘው ዕቃ ብዙ አይደለም። ካሊፐር፣ ሜትር፣ አንድ ሜትር ገደማ ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ማስመሪያ፣ እኩል ስፋት ያላቸው ባለ 50 ሳንቲ ሜትር ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች፣ ማርከር፣ ጠመኔ፣ ትንሽ ላምባ በጠርሙስ፣ የተጠረበ 5 በ5 በ40 ሳንቲ ሜትር እንጨት፣ አንድ ሲኒ። መብራቱን ስልካችሁ ይሠራዋል።

አልጋው

ሁለቱን ጣውላዎች አልጋው ላይ በጎናቸው አቁሟቸው፣ አንዱን ሄድስቶኩ አጠገብ ሌላውን መጨረሻ ላይ። ከዚያ ቁጢጥ ብላችሁ በአንደኛው ጠርዝ ላይ ሌላኛውን እዩ። ሁለቱ ጠርዞች ትይዩ ከሆኑ አልጋው ደህና ነው። በአንድ ወገን ብቻ ብቅ ካለ አልጋው ተጣሟል፤ በ50 ሳንቲ ሜትር ላይ የ1 ሚሊ ሜትር መጣመም በግልጽ ይታያል። ግን ቶሎ አትፍረዱ። እግሮቹን ከወለሉ ወይም ከጠረጴዛው ጋር ያሰሩትን ብሎኖች አስፈቱና ደግማችሁ እዩ። መጣመሙ ከጠፋ ጥፋቱ የወለሉ ነው፣ ማሽኑ ንጹህ ነው። ካልጠፋ የአልጋው ነው፤ በጊዛ ላይ ከሆነ ማሽኑን መተው ነው።

ስንጥቅ የሚገኘው የእግር ብሎኖች በሚገቡባቸው ማዕዘኖች፣ ሄድስቶኩ በተቀመጠበት ሥርና ቴልስቶኩን የሚያስረው መንከሻ በሚይዝበት ቦታ ነው። ሌላው ቀለም አርጅቶ አንድ ቦታ ብቻ አዲስ ቀለም ካያችሁ እዚያው ቁሙ። ቦታውን በላምባ አርሱት፣ ጥቂት ጠብቃችሁ በጨርቅ አድርቃችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ ጠመኔ ቀቡት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ላምባ ወደ ጠመኔው ይወጣና የፀጉር ያህል ቀጭን ጥቁር መስመር ይሠራል። አልጋውን በቁልፍ እጀታ ቀስ ብሎ መምታትም ይረዳል፤ ደህናው ጊዛ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው እንደ ተሰበረ ገል ይላል። ተሰንጥቆ የተበየደስ? ጊዛ በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ከብየዳው ዳር ያለው ብረት ቶሎ ቀዝቅዞ እንደ መስታወት ይደርቃል፤ በሚቀጥለው ንዝረት የሚሰነጠቀው ብየዳው ሳይሆን ዳሩ ነው። እግሩ ላይ ከሆነ ዋጋ አስቀንሱበት። ሄድስቶኩ፣ ቴልስቶኩ ወይም አልጋው ላይ ከሆነ አመስግናችሁ ሂዱ።

ዝገት ግን አያስፈራችሁ። ላይ ላዩን የዛገ አልጋ በዘይትና በብርጭቆ ወረቀት በግማሽ ቀን ይጸዳል፣ ጫር ጫር ያለውም በሞረድ ይስተካከላል። ብረት ቶርኖ የሚሠራ ባለሙያ ይዛችሁ ከሄዳችሁ አልጋው ሄድስቶኩ አካባቢ መበላቱን አይቶ «ይሄ አይሆንም» ማለቱ አይቀርም። በእሱ ሙያ ልክ ነው፤ የብረት ቶርኖ መቁረጫውን የሚመራው አልጋው ነው። በእንጨት ቶርኖ ግን መሮውን የሚመራው እጅ ነው። መደገፊያው በአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢል ማንም አያውቅም።

ስፒንድሉ

መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ። ማንድሪኖ (እንጨቱን በመንጋጋ የሚይዘው) ወይም ፌስ ፕሌት (እንጨት በብሎን የሚታሰርበት ክብ ብረት) ታስሮበት ከሆነ አስፈቱት፤ የማንድሪኖ መወላገድና የስፒንድል መወላገድ አንድ አይደለም፣ ማንድሪኖው እንደታሰረ ከፈተሻችሁ የቱ እንደሆነ አታውቁም። አልፈታ ካለና ሻጩ ደግሞ «ኧረ ይፈታል» እያለ ከሆነ፣ እዚያው ይፍታው። የስፒንድሉ ጫፍ ላይ ባለው የብሎን ጥርስ ተጣብቆ የቀረ ማንድሪኖ የሚፈታው አንዳንዴ በመጋዝ ነው።

ጥርሱን በካሊፐር ለኩ። የውጭ ስፋቱ 33 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ አምስት የጥርስ ርቀት 17.5 ሚሊ ሜትር ከሞላ፣ ባለ 3.5ቱ የአውሮፓ መደበኛ ነው። 25.4 ሚሊ ሜትር ሆኖ አምስቱ ርቀት 15.9 ገደማ ከሆነ ባለ አንድ ኢንች፣ በኢንች 8 ጥርስ ነው፤ ትናንሾቹ ማሽኖች ላይ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። ትንሽ ከፍ ያሉት ኢንች ከሩብ ሆነው ያው 8 ጥርስ ናቸው። ካሊፐሩ ጥቂት ነጥብ ቢያሳንስ የተለመደ ነው። ከነዚህ ውጪ ከሆነ ማሽኑ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ግን ማንድሪኖ ከውጭ አስመጥታችሁ በቀጥታ አይገጥምላችሁም፣ ፌስ ፕሌትም ቶርኖ ቤት ማስወጣት አለባችሁ። ያኔ በወረቀት የተጻፈ ልክ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ስፒንድሉን ራሱን ወይም አብሮ የሚገጥም ዳዶ ይዛችሁ ሂዱ። በልክ ብቻ የወጣ ጥርስ ይገባል፣ ግን ይላወሳል።

ከጥርሱ ኋላ ያለውን ትከሻም በጣት ዳብሱት። ፌስ ፕሌት ቀጥ ብሎ የሚቆመው በጥርሱ ሳይሆን በዚህ ትከሻ ላይ በመደገፉ ነው። እዚያ ላይ አንዲት የመዶሻ ጠባሳ ብቅ ካለች የምትሠሩት ሳህን ሁሉ ይወላገዳል። ደግነቱ በደቃቅ ሞረድ ይነሳል።

አሁን ወደ ውስጥ። የስፒንድሉ ቀዳዳ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ነው፤ ሞርስ ይባላል። አፉ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ሞርስ ቁጥር 1፣ 17.8 ገደማ ከሆነ ቁጥር 2፣ 23.8 ገደማ ከሆነ ቁጥር 3 ነው። ቁጥር 2 ለመለዋወጫ የሚመቸው ነው። ጣታችሁን አስገብታችሁ ዙሪያውን ዳብሱ። ቀለበት ቀለበት የሆነ ሸንተረር ካለ፣ ሴንተሩ ውስጥ ሆኖ ሲሽከረከርበት ኖሯል ማለት ነው። ምን ያህል እንደጎዳው ለማወቅ ሴንተሩ ላይ በርዝመቱ ሦስት የማርከር መስመር አስምሩ፣ አስገብታችሁ ጫን አድርጉና ሩብ ዙር አዙሩት፣ ከዚያ አውጡት። ማርከሩ ከአፍ እስከ ጫፍ እኩል ከተፋቀ ጤነኛ ነው። አፉ ላይ ብቻ ወይም ጫፉ ላይ ብቻ ከተፋቀ ወይ ቀዳዳው ተበልቷል፣ ወይ ሴንተሩ የዚህ ማሽን አይደለም። ቀላል ሸንተረር ቶርኖ ቤት በሞርስ ማስተካከያ ሊጸዳ ይችላል፤ ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ከሆነ ግን ስፒንድሉ መቀየር አለበት፣ የሚቀየር ስፒንድል ደግሞ የለም።

የመወላገዱን ነገር ባለ ዲያል መለኪያ ካላችሁ ቀዳዳው ውስጥና ትከሻው ላይ አስጠግታችሁ በእጅ አዙሩት፤ እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው፣ 0.05 ለእንጨት ያስኬዳል። ከሌላችሁ መሮ መደገፊያው ላይ እርሳስ አስደግፋችሁ ጫፉን ወደ ትከሻው ዳር አስጠጉ። በእጅ እያዞራችሁ በመሀላቸው ያለውን ብርሃን ተመልከቱ። ብርሃኑ እየሰፋ እየጠበበ ከሄደ ስፒንድሉ ጎብጧል። በዚህ ዘዴ ከ0.1 የበለጠውን ዓይን አይስተውም፣ ገንዘብ የሚያስመልሰውም ያ ነው።

ኩሽኔታና ቤቱ

ቺንጋውን ከፑሌጃው (ቺንጋው ከሚዞርበት ባለ ቦይ ክብ) ላይ አውርዱና ስፒንድሉን በጣት አዙሩት። እንደ ቅቤ ከዞረ ጥሩ። አሸዋ እንደገባበት ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። በየተወሰነ ቦታ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚቆም ከሆነ ደግሞ አልቆ ሳይሆን ተመቶ ነው፤ ሴንተር ወይም ፑሌጃ በመዶሻ ሲያስወጡ ኳሶቹ መንገዳቸው ላይ ጉድጓድ ቆፍረዋል። ሁለቱም ይቀየራሉ። 6204 ውስጡ 20፣ ውጩ 47፣ ስፋቱ 14 ነው፤ 6205 ደግሞ 25፣ 52፣ 15፤ 6206 ደግሞ 30፣ 62፣ 16 ሚሊ ሜትር። ቁጥሩ የኩሽኔታው ጎን ላይ ተቀርጿል፣ ለእንጨት ብናኝ በሁለቱም ወገን ጎማ የተደፈነበትን ምረጡ። ሲገዛ ግን ጠንቀቅ ነው፤ ካርቶኑ ብቻ ኦርጅናል የሆነ ኩሽኔታ ሞልቷል።

የማይቀየረው የኩሽኔታው ቤት ነው። ያንን የምትለዩት እንዲህ ነው። ፌስ ፕሌቱ ላይ ያን 40 ሳንቲ ሜትር እንጨት በብሎን እሰሩ፣ አንድ ሰው ጫፉን ይዞ ወደ ላይ ወደ ታች ያንቀሳቅስ። ክክ ካለ ልልነት አለ። አሁን የጣታችሁን ጫፍ የኩሽኔታው የውጭ ቀለበትና ጊዛው በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ግማሹን እዚህ ግማሹን እዚያ አድርጋችሁ አሳርፉ። ሰውየው ሲያነቃንቅ ቀለበቱ ከጊዛው ተለይቶ ጣታችሁ ሥር ከተንቀሳቀሰ ቤቱ ሰፍቷል፤ ኩሽኔታ ብትቀይሩ እሱም እንደዚያው ይንቀጠቀጣል። ቀለበቱ ዝም ብሎ ስፒንድሉ ብቻ ከተንቀሳቀሰ የኩሽኔታ ዋጋ ነው፣ ደስ ይበላችሁ። ሻጩም «ትንሽ ልል ናት» ብሎ የሚያልፈው ይህንኑ ሲሆን ሁለቱን የማይለይ ብዙ ነው።

በጣም የቆዩ ማሽኖች ኳስ ያለው ኩሽኔታ ሳይሆን የነሐስ ቀለበት ሊኖራቸው ይችላል። ጉድለት አይደለም። ዘይት ማስገቢያቸው በቀለም ወይም በብናኝ ያልተደፈነ መሆኑን ብቻ እዩ።

ሁለቱ ሹሎች

ሁለቱንም ሴንተሮች አስገቡ፣ ቴልስቶኩን አስጠግታችሁ እሰሩት፣ ሹሎቹ ሊነካኩ ሲሉ አቁሙ። ከላይም ከጎንም ተመልከቱ። ጫፍ ለጫፍ መገናኘት አለባቸው። ካልተገናኙ ምክንያቱን ፈልጉ፦ ሄድስቶኩ ሥር ወይም ቴልስቶኩ ሥር የተጋገረ ብናኝ፣ ሄድስቶኩ የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ በትክክል አለመቆለፉ፣ ወይም ደግሞ ቴልስቶኩ የሌላ ማሽን መሆኑ። የመጨረሻው ከሚገመተው በላይ ያጋጥማል፤ ቀለማቸውን፣ የጊዛቸውን ውፍረትና የመንከሻቸውን ብሎን አስተያዩ። ዝቅ ያለ ቴልስቶክ ሥሩ ቀጭን ላሜራ ቢገባለት ይነሳል። ከፍ ያለው ከሥሩ ተቆርጦ መቀነስ አለበት፣ ያ ደግሞ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው።

አንዴ ተገናኙ ብላችሁ አትነሱ። የቴልስቶኩን ዘንግ እስከ መጨረሻው አውጡና እንደገና አስጠጉ። ያኔ ከተለያዩ ዘንጉ ወይም ቤቱ ተበልቷል። ቀጥላችሁ ቴልስቶኩን ፈትታችሁ አልጋው ላይ በእጅ አወዛውዙት። ወደ ጎን የሚጫወት ከሆነ በየጊዜው በአንድ ወገን እየገፋችሁ ማሰር ትለምዳላችሁ፤ ለወንበር እግር ምንም አይደለም፣ በሴንተር መሰርሰሪያ ለሚበሳ ሥራ ግን ቀዳዳው ይሰፋል።

እዚሁ የተሠራው

የብየዳ ቤት ቶርኖ ንቀት አይገባውም። ለአልጋ እግርና ለደረጃ መደገፊያ በዚህ ከተማ ብዙ ሥራ የሠራው እሱ ነው። ግን ድካሙ የታወቀ ነው። ዩ ብረት ሲበየድ በብየዳው በኩል ይሸማቀቃል፣ ስለዚህ የጣውላው ፈተና እዚህ ላይ እጥፍ ያስፈልጋል። በጊዛ ላይ መጣመም ማሽኑን የሚያስጥል ቢሆንም በዚህኛው ግን ተበትኖ፣ ቀንቶ እንደገና መበየድ ይቻላል፤ ዋጋውን ብቻ አስሉት።

ሄድስቶኩ ባብዛኛው ሁለት ባለ እግር ኩሽኔታ ነው፤ ዩሲፒ 205 የሚባለው 25 ሚሊ ሜትር ዘንግ ይይዛል። ዘንጉን ቀለበቱ ላይ የሚያስሩት ሁለት ትናንሽ ብሎኖች ናቸው። እነሱ ከላሉ ዘንጉ ውስጡ ይሽከረከርና ይበላል፤ ስለዚህ ብሎኖቹን አስፈትታችሁ ዘንጉን በካሊፐር ለኩ። 25 መሆን ያለበት 24.7 ከሆነ ኩሽኔታ መቀየር ብቻ አይጠቅምም። ሁለቱ ኩሽኔታዎች በመሀላቸው ያላቸውን ርቀትም እዩ። ከ15 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከፊት ለፊት የታሰረ ከባድ እንጨት ያንቀጠቅጠዋል። ዘንጉ ቱቦ ከሆነ ደግሞ በሴንተር ለሴንተር ሥራ ብቻ ተጠቀሙበት፣ ማንድሪኖ ወይም ሙቀጫ አታስሩበት። እንደኔ ከሆነ ጎድጓዳ ነገር ልትሠሩ ካሰባችሁ ይህን ዓይነቱን ማሽን አትግዙ፤ ረጃጅም ሥራ ብቻ ከሆነ ከብዙ የቻይና ትንሽ ማሽን ይሻላችኋል።

የቺንጋና የፑሌጃ መሸፈኛ አለመኖር እዚህ የተለመደ ነው። በላሜራ ማሠራት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ከመጀመሪያው ሥራችሁ በፊት ይሁን።

አሁን ሞተሩ

ሞተሩ ላይ ያለችው የብረት ሰሌዳ ከሻጩ በላይ ታወራለች። እኛ ዘንድ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፣ ሦስት ፌዝ ከሆነ 380። ሰሌዳው ላይ የዙር ቁጥሩ 1,400 ወይም 1,450 ካለ ለ50 ኸርዝ የተሠራ ነው። 1,725 ካለ ለ60 ኸርዝ፣ ማለትም ለአሜሪካ መብራት ነው፤ እዚህ ወደ 1,440 ይወርዳል። ችግሩ ዙሩ አይደለም። ባለ 110 ቮልት ከሆነ ሻጩ «ትራንስፎርመር አለው» ይላችኋል፤ ትራንስፎርመር ግን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። በ60 የተሠራ ሞተር በ50 ሲሠራ ያው ቮልት ከተሰጠው ብረቱ በማግኔት ከልኩ በላይ ይሞላና ይግላል፤ ለ110ሩ የሚስማማው ወደ 92 ቮልት ነው፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እንዲህ ዓይነቱን ሞተሩን እንደሌለ ቆጥራችሁ ዋጋ ንገሩ።

ሦስት ፌዝ ሆኖ እናንተ ቤት ያለው ቆጣሪ ሲንግል ፌዝ ከሆነም ጨርሶ አይጣልም። ሰሌዳው ላይ 220/380 የሚል ካለ ጥቅሎቹን በዴልታ (በሦስት ማዕዘን) አስሮ፣ ሲንግል ፌዙን ወደ ሦስት ፌዝ በሚለውጥ ትንሽ ኢንቨርተር ከ220 ማስነሳት ይቻላል፣ ፍጥነት መቆጣጠሪያውም በዚያው ይገኛል። 380/660 የሚለው ግን በዚህ መንገድ ሙሉ ጉልበት አይሰጥም። በኢንቨርተር በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ብዙ ሰዓት አትሥሩ፤ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ከራሱ ዘንግ ጋር ስለሚዞር እሱም አብሮ ይዘገያል።

ደግሞ አንድ ብዙ የማይወራ ነገር፦ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ የሞተር ጉልበት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ተብሎ የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በደንብ አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ጠቀም ያለ ጉልበት ያለውን ምረጡ። ለትንሹ ማሽን 370 ዋት፣ 30 እና 35 ሳንቲ ሜትር ለሚያዞር 750 ዋት፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 1,500 ዋት ተገቢ ነው።

አስነሱት። ከጮኸ ግን አልዞር ካለ፣ ፑሌጃውን በእንጨት ገፋ ሲያደርጉት ደግሞ ከተነሳ፣ ካፓሲተሩ ወይም ውስጡ ያለው ማስነሻ ማብሪያ ነው፤ ትንሽ ወጪ፣ ጥሩ የመከራከሪያ ነጥብ። 20 ደቂቃ ያለማቋረጥ ይዙር። እጅ ማሳረፍ የማይቻልበት ሙቀት ወይም የቫርኒሽ ሽታ ካለ ጥቅሉ ሊሄድ ነው። በቦርድ ፍጥነት የሚቀይሩት የቻይና ማሽኖች ላይ ደግሞ በዝቅተኛው ፍጥነት መሮ ጫን እያደረጋችሁ ፈትኑ። ቦርዱ በብናኝ የሚሞት ነው፣ ተኪውም በቀላሉ አይገኝም፤ ከቆመ ወይም ከተንገዳገደ ቦርዱን እንደ ሞተ ቁጠሩት።

ፑሌጃው የሚታየው ሲቆም ነው። ቺንጋው በጎኖቹ ተይዞ ከፑሌጃው ጠርዝ ጋር እኩል መቀመጥ አለበት። የፑሌጃው ወለል ላይ መስታወት የመሰለ ብልጭታ ካያችሁ ቺንጋው እስከ ታች ወርዶ እየተንሸራተተ ነው፤ ጎኑ ተበልቷል። ቺንጋ ቀይሩ ሲሏችሁ እመኑ፣ ግን ፑሌጃውም መቀየር አለበት።

የመጨረሻው የንዝረት ነው። ሲኒውን ውኃ ሞልታችሁ አልጋው ላይ አስቀምጡ፣ በየፍጥነቱ አስነሱ። በአንዱ ፍጥነት ብቻ ውኃው ከተንቀጠቀጠ የእግሩ መላወስ ወይም የመቆሚያው ቀጭንነት ነው። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር እየባሰ ከሄደ ፑሌጃው ወይም ስፒንድሉ ሚዛን አጥቷል። ዝቅተኛውን ፍጥነትም ጠይቁ። የእንጨቱ ስፋት በሳንቲ ሜትር ሲባዛ በደቂቃ ዙሩ ከ15,000 እስከ 23,000 ቢሆን ይመረጣል። 30 ሳንቲ ሜትር ሳህን ማለት ከ500 እስከ 760 ዙር ነው፣ ገና ያልተስተካከለ ጉማጅ ሲሆን ደግሞ ከዚያም በታች። ዝቅተኛው 800 የሆነ ማሽን 30 ሳንቲ ሜትር የሚያዞር ሰፊ አካል ቢኖረውም የወይራ ጉማጅ ለማስነሳት አይሆንም፤ እንጨቱ ይነቀላል።

ዋጋው ላይ

አብሮ የሚመጣውን ቁጠሩ፦ የሚነዳው ሴንተር፣ የሚዞረው ሴንተር፣ ፌስ ፕሌት፣ አጭርና ረጅም የመሮ መደገፊያ፣ ሴንተር ማስወጫ ዘንግ፣ ቁልፎች። መደገፊያውን ከነመሠረቱ አስራችሁ በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑት። ከተንሸራተተ መንከሻው አልቋል፤ ይህ ደግሞ ሥራ መሀል መሮ የሚያስነክስ ስህተት ነው። የመደገፊያው ጠርዝ ጎድጎድ ካለ በሞረድ ይስተካከላል። የጎደለውን እያንዳንዱን ጻፉና ቶርኖ ቤት ወይም ገበያ የሚያስወጣውን አስልታችሁ ከዋጋው ቀንሱ። ሻጭ ከሚቀንስላችሁ ይልቅ ዕቃ ቢጨምርላችሁ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ መጋዘን ጥግ የተጣለ ፌስ ፕሌት ለእሱ ቁርጥራጭ ብረት ነው።

ጨረታ ላይ ከሆነ አብዛኛውን ፈተና ማድረግ አይቻልም፣ መብራትም የለም። ያኔ አልጋውን በጣውላ፣ ስፒንድሉን በጣት፣ ሁለቱን ሹሎች በዓይን አይታችሁ፣ ሞተሩን ዜሮ ብላችሁ ዋጋ አስገቡ።

ሲጫን ሞተሩንና ቴልስቶኩን ለይታችሁ አስወርዱ፤ ገመድ ስፒንድሉ ላይ አስራችሁ አታስነሱት፣ አልጋው ላይ ይታሰር። ቦታው ሲደርስ የእግሩን ብሎኖች ወዲያው አታጥብቁ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይቁም፣ ወለሉን ያልነካው እግር ሥር ላሜራ ይግባ፣ ከዚያ እያጠበቃችሁ ሁለቱን ጣውላዎች መልሳችሁ አልጋው ላይ አቁሙ። ጠርዞቹ መጣመም ከጀመሩበት ብሎን ላይ ቁሙና ላሜራውን አስተካክሉ።